ከግራ የሚመጡ መርከቦች

…ደግሞ ላምሪ፣ ደግሞ ያቺው የላምሪ ወደብ፣ ለአራተኛ ጊዜ፣ አሥራ አንድ ወር ጠብቆ ጠብቆ አንድ ወር ሲቀረው፣ ከየት ወጡ እነዚህ ቾላዎች፣ እነዚህ የጨዋታው ጠላቶች፣ ሰማይ ቀደው ነው የወረዱት? ሃያ ስድስት መርከብ እኮ ነው፣ ሃያ ስድስት መርከብ ሲመጣ እንዴት ሰው አያይም፣ ጨዋታው ያጭበረብራል፣ ሌላ ምን ይባላል፣ ሴት ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ የጫነችለት ቀን አባዬ ስትሸነፍ ጨዋታውን እንዳትሳደብ ብላው ነበር፣ አሁን ራቅ ያለ ከተማ ሥራ ይዛ በስልክ መሳቅ ለሷ ምን ገዷት፣ መጥታ ትየው፣ ላምሪን ትያት።

ካፒቴን ይሉታል ጋራዥ ውስጥ። ባሕር በፎቶ ካልሆነ አይቶ አያውቅም፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ አርባ ስምንት ወንበር፣ ቋሚው ሲጨመር ሰባ ምናምን ሰው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያለ አንድ አደጋ፣ የምስጋና ወረቀቱ በመስታወት ገብቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ሻይ ሰዓት ላይ ስለ መርከብ ማውራት ሲያበዛ ግን ካፒቴን አሉት፣ በዚያው ቀረ። እሱም አልጠላውም። እንዲህ ነው ነገሩ ይላቸዋል፣ ከሺህ ምናምን ዓመት በፊት ፓሌምባንግ የምትባል አንዲት ወደብ ይዘህ ትነሳለህ፣ መርከብ ትሠራለህ፣ ወደብ በወደብ ትጨምራለህ፣ ዘጠኝ ወደብ ይዘህ አንዷንም ሳታስነካ ዓመት ከቆየህ ከታች ያለው ግራጫ አዝራር ወርቅማ ይሆናል፣ እሱን ተጫንክ ማለት ሽሪቪጃያን መሠረትክ ማለት ነው፣ ድሮ በውነት የነበረች መንግሥት፣ በመሬት ሳይሆን በውሃ የገዛች። እና መሠረትካት? ይለዋል አንዱ ቀልደኛ መካኒክ። ቆይ ትንሽ ቀርቶኛል። ትንሽ ቀርቶኛል ሲል ይኸው ሁለት ወር ሆነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል። ስምንት ሰዓት ላይ አውቶቡሱን ይረከባል። ጊዜ አለው፣ አንድ ዙር ይበቃዋል፣ ባለፈው ያስቀመጠውን ይክፈተው፣ ዘጠኙም ወደቦች በእጁ ያሉበትን፣ አንደኛው ወር ላይ። ከመስኮቱ ሥር የሚስቱ የስፌት መኪና ይንደቀደቃል፣ ለአንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ሸሚዝ ኮሌታ ነው የምትሰፋው፣ ነጭ በነጭ ሆኗል ወለሉ፣ ስትቆም ቤቱ ጭር ይላል፣ ስትጀምር ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛ ወር። ሦስተኛ ወር። መርከቦቹን ፓሌምባንግ ላይ ሰብስቦ ዓይኑን መሐል ካርታው ላይ ተክሎ ይጠብቃል፣ አሁን ይምጡ፣ አሁን ወንድ ከሆኑ ይምጡ።

መኪናው ይቆማል። እነዚያ ቀያዮች ምንድን ናቸው፣ ትላለች ሚስቱ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። የቶቹ ቀያዮች። እነዚያ ናቸዋ፣ መርከብ መርከብ የሚመስሉት፣ ከቅድም ጀምሮ እዚያ ተሰልፈው ቆመው የለ እንዴ። የት? እዚህ፣ አንተ ሰውዬ፣ እዚህ፣ ተነስታ መጥታ በመቀሷ ጫፍ ታሳየዋለች፣ አንገቱን ወደ ግራ ያዞራል፣ አሉ። ሃያ ስድስት። ቀይ በቀይ ሆነው ላምሪ አፍ ላይ ቆመዋል። አንገቱን ይመልሳል፣ ፓሌምባንግን ያያል፣ የሉም።

ያዞራል፣ አሉ። ይመልሳል፣ የሉም።

ኧረ ተይኝ እስቲ፣ ይላታል፣ አይቻቸዋለሁ፣ ሆን ብዬ ነው፣ ወጥመድ ነው። እሷም ወጥመድህ ይቅናህ ብላ ወደ መኪናዋ ትመለሳለች። ላምሪ ትወድቃለች፣ አምስተኛ፣ ይውደቅ፣ ገደል ይግባ፣ ስክሪኑ ነው፣ ቆሻሻ ነው፣ በሸሚዙ እጅጌ ይጠርገዋል፣ ግራውን ጥግ ደጋግሞ፣ ፓሌምባንግን ያያል፣ የሉም። ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ይከድናል፣ የሉም፣ ግራውን ይከድናል፣ የሉም። አንዱ ቢያስቸግር ሌላው ይሸፍናል፣ ሁለቱ ተመካክረው ሊዋሹት አይችሉም መቼም። ጥቁር እንኳ አይደለም፣ ጨለማ ቢሆን ኖሮ ያውቀው ነበር፣ ጭጋግ ቢሆን ያውቀው ነበር፣ ካርታው መሐል ላይ ያልቃል፣ ማለቁ ደግሞ አይታወቅም፣ ከራስህ ጀርባ ያለው ነገር ጥቁር ነው? አይደለም፣ የለም። እንደዚያ ነው። ጀርባው ወደ ፊቱ ዞሮ መጥቷል፣ በግራ በኩል እስከ አፍንጫው ድረስ መጥቷል።

ፈራ። እጁ ማውሱ ላይ ነው፣ ማውሱን ያንቀሳቅሰዋል፣ ምንም ለማድረግ አይደለም።

የጋራዡ በር። አሁን ምን አመጣው የጋራዡን በር። ባለፈው ወር ሲገባ የአውቶቡሱን ግራ ጎን በርሜሉ ፈተገው፣ ወርዶ ዘበኛው ላይ ጮኸበት፣ በርሜሉን ማን አንቀሳቅስ አለህ፣ ሰውዬው ጋሼ ይሄ በርሜል እዚህ ከተተከለ ሁለት ዓመቱ ነው ቢል ማን ይስማው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያለ አደጋ የነዳ ሰው ቆሞ ዘበኛ ይሰማል? ማስጠንቀቂያ አስጻፈበት። ሰውዬው ፈርሞ ወጣ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር። ብስክሌተኛውስ፣ አደባባዩ ጋ፣ ከምድር የፈለቀ ይመስል መስታወቱ ሥር ብቅ ያለው፣ ሹፌር! ሹፌር! ብላ አንዲት ሴትዮ ከኋላ የጮኸች ጊዜ፣ ፍሬኑን ረግጦ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ምን ብሎ ነበር የሰደበው፣ ዕውር! ነው ያለው፣ ዕውር ነህ እንዴ! ብስክሌተኛው አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ ተክሎ አየው፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ። መስታወቱስ፣ የግራው መስታወት ደግሞ ደጋግሞ ይታጠፋል ብሎ መካኒኩን ነዝንዞ አላስለወጠም? አዲሱም መስታወት ያው ሆነበት። ሰሃኑስ።

ሰሃኑ እንኳ። ሩዙን ግማሹን በልቶ ይነሳል፣ ሁልጊዜ ግማሹን፣ ሚስቱ ታኮርፋለች፣ ምግቤ እንዲህ ካስጠላህ በግልጽ ንገረኝና ውጭ ብላ፣ ኧረ ጨርሻለሁ ሴትዮ ምን ሆነሻል፣ ይሄ ምንድን ነው ታዲያ ብላ ሰሃኑን ስታዞረው ግማሽ ሩዝ ቁጭ ብሏል። ሁለቱም በየበኩላቸው ተቀይመው ተኙ። እሱ ደግሞ ነገር ፈላጊ ሆናለች ብሎ ነበር፣ ካረጥሽ ወዲህ አስቸገርሽኝ ብሎ ሁሉ ነበር፣ አፉን ይቁረጠው።

አይ። አይሆንም። አንድ በአንድ ሲለቅሙት ሁሉም ነገር ይገጣጠማል፣ ሰው ከፈራ የጎረቤት ሳል የራሱ በሽታ ይመስለዋል። ጨዋታው ያጭበረብራል፣ በቃ፣ እሱ ደህና ነው፣ ማረጋገጥ ነው፣ እንዴት ነው የሚረጋገጠው? ሚስቱ። ሚስቱ ከጎኑ ትቀመጥና በግራ በኩል ያለውን ትንገረው፣ እሷ እየነገረችውም ከተሸነፈ ጨዋታው ሌባ ነው ማለት ነው፣ ዓይኑ ደህና ነው፣ ኮቱን ለብሶ ወደ ሥራው። ካሸነፈ ግን። ካሸነፈ ስለዚያ አያስብም።

ነይ እስቲ አማካሪዬ ሁኚ፣ ይላታል፣ ድምፁን የቀልድ ለማስመሰል ይሞክራል። ምን? ነይ ባክሽ፣ ከመሐል ወዲህ በግራ ያለውን አንቺ ጠብቂልኝ፣ ቀይ ነገር ካየሽ ንገሪኝ፣ እኔ በዚህኛው ልሥራ። ኮሌታውን ማን ይስፋው፣ ሠላሳ ኮሌታ ይቀረኛል። አሥር ደቂቃ ብቻ። ታየዋለች፣ ሠላሳ ዓመት የሚያውቀው አስተያየት ነው፣ ግን ወንበሯን ጎትታ ከግራው ትቀመጣለች፣ መቀመጧን በወንበሩ ድምፅ ነው ያወቀው። አቤት። ሚስቱ ከጎኑ ተቀምጣ የለችም። ክንዷ ክንዱን ሲነካው ነው ያለችው።

ይጀምራል። በዕድሜው ጨዋታ ላይ እንዲህ ብሎ ለምኖ አያውቅም፣ አምላኬ ድል ስጠኝ ሳይሆን አምላኬ እንድሸነፍ አድርገኝ፣ እባክህ ላምሪ ትውደቅ፣ ሃያ ስድስት ይምጡ፣ ሃምሳ ይምጡ፣ የማላያቸው ሳይሆን የማልችላቸው ይሁኑ። አንደኛ ወር። ሁለተኛ። ቀይ ነገር መጣ፣ ትላለች፣ ስንት? አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት፣ የት ጋ? እዚህ፣ ከዚች ትንሿ ወደብ በላይ። መርከቦቹን ይልካል፣ እሱ በማያየው ውሃ ላይ፣ እሷ ባለችው ቦታ። ተመቱ! ትላለች፣ ሁለቱ ጠፉ፣ ሌሎቹ እየሸሹ ነው፣ ሄዱልህ። ደስ ብሏታል፣ ድምጿ ልጅ ልጅ ይላል፣ ይኼን ያህል ቀላል ነው እንዴ፣ ይኼን ያህል ቀላል ከሆነ ሁለት ወር ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር። አምስተኛ ወር። ስምንተኛ። ውይ ብዙ ናቸው አሁን፣ ብዙ፣ ቆይ ልቁጠር፣ ሃያ፣ ሃያ ሁለት፣ ከታች በኩል ደግሞ ሌሎች፣ ለሁለት ተከፍለው ነው የመጡት፣ ታያቸዋለህ? አያቸዋለሁ፣ ይላል። መሐሉን እያየ ነው። ላብ ከጀርባው ይወርዳል። ከታች ያሉት ይቅደሙ በላ፣ እነሱ ናቸው ፈጣኖቹ! ከታች ያሉትን ያስቀድማል። አሥረኛ ወር። ውደቂ፣ ይላል በልቡ፣ ውደቂ ላምሪ፣ እባክሽ የኔ እናት። አሥራ አንደኛ ወር። ላምሪ ቆማለች። ሚስቱ ምን ዓይነት ሴት ናት፣ ጄኔራል ሆና ተገኘች፣ አንድ መርከብ አታሳልፍም።

አሥራ ሁለት።

አዝራሩ ወርቅማ ይሆናል። በቀኝ በኩል ከታች ነው፣ ያየዋል፣ ሁለት ወር ያለመው ወርቅ ነው። አይጫነውም። ተጫነዋ! ትለዋለች፣ በክርንዋ ትገፋዋለች፣ ምን ትጠብቃለህ፣ እኔን ያደከምከኝ ለምንድን ነው። ይጫነዋል። መለከት ይነፋል፣ ባንዲራ ይዘረጋል፣ ደንበሮቹ ሁሉ በአንድ ቀለም ይሞላሉ፣ ውሃው ላይ ስሟ በትልቁ ይጻፋል፣ ሽሪቪ የሚለው ግን ለእሱ የለም፣ ጃያ ብቻ ነው የሚነበበው። እንዴት ያምራል፣ ትላለች ሚስቱ፣ ወይ ጉድ፣ ከዚያ ጫፍ እስከዚህ ጫፍ የያዝከው እኮ ነው፣ ምን ሆነሃል፣ ምነው። እያለቀሰ ነው። አላወቀም ነበር። በላብ መስሎት ነበር ፊቱ የራሰው።

ሽማግሌ ሆነህ በጨዋታ ታለቅሳለህ? ትላለች፣ ቀልዱ ግን አፏ ላይ ይቆማል። ሠላሳ ዓመት አብሮ መኖር ክፉ ነው፣ መደበቂያ አይተውም። በግራው በኩል የጨርቅ ድምፅ ይሰማል። ይኼ ምንድን ነው? ትለዋለች ቀስ ብላ። የቱ? ይኼ የያዝኩት። መገመት ነው፣ ምን ትይዛለች፣ መቀስ ነው፣ ይላል። አንገትህን ሳታዞር፣ ትለዋለች። መቀስ ነው አልኩሽ። መሬት ላይ ቀላል ነገር ይወድቃል፣ ድምፅ የለውም፣ መቀስ አይደለም፣ አንገቱን ሲያዞር ነጭ ኮሌታ ነው፣ እጇ ባዶውን አየር ላይ ቀርቷል፣ ከፊቱ አንድ ስንዝር ሳይርቅ። እኔ ደግሞ ምግቤን ጠላው ብዬ፣ ትላለች። አፏን በመዳፏ ትይዛለች።

ሰባት ሰዓት ተኩል። ኮቱ በሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ ይላታል፣ አንገቴን አዞራለሁ፣ አሁን እኮ አወቅኩት፣ ያላወቁት ነገር ነው የሚገድል፣ የአንድ ሳምንት ጉዳይ ነው፣ ሐኪም አያለሁ፣ እሑድ። ከግራ የሚመጣው መኪናስ? አዞራለሁ አልኩሽ። ሰባ ሰው ጭነህ? እስከ ዛሬስ ምን ሆንኩ፣ ይጮኻል፣ ምን ሆንኩ! ምንም አልሆንክም፣ ትለዋለች፣ አልጮኸችም፣ ዛሬ ግን አትነዳም። እና ምን ልሁን? እውነቱን ነው፣ እስቲ ትንገረው፣ ሹፌር ካልሆነ ምንድን ነው፣ ቤት ቁጭ ብሎ ካርታ የሚነካካ፣ ክር የሚያቀብል፣ በሰው ክንድ መንገድ የሚሻገር፣ የጎረቤት ሰው ድሮ ሹፌር ነበር እያለ ለእንግዳ የሚያስተዋውቀው። ይኼንን ጮክ ብሎ አላለውም፣ ወይም ብሎታል፣ አያውቅም። ስልኩን እጁ ላይ ታስቀምጥለታለች። ደውል።

የስምሪት ሹሙ በሁለተኛው ጥሪ ያነሳል። መሪ ያስያዘው እሱ ነው ይኼን ልጅ፣ ማርሽ ሲያንጫጫ እግሩን በእግሩ እየረገጠ ያስተማረው፣ ዛሬ ጠረጴዛ ይዞ ሹፌር ያሰማራል፣ ግን አንድ ቀን ጋሼ ሳይለው አያወራም። ዛሬ አልገባም፣ ይለዋል። ምነው ጋሼ፣ እርስዎ? እርስዎ ቀርተው ያውቃሉ እንዴ፣ አመመዎት? አዎ፣ አዎ ትንሽ። ድምፅዎ ልክ አይደለም፣ ጉንፋን ነው አይደል፣ ሰዉን ሁሉ ጨረሰው እኮ ይኼ ጉንፋን፣ አይጨነቁ ጋሼ፣ እኔ ጉንፋን ብዬ ሦስት ቀን እጽፍልዎታለሁ፣ ትኩስ ነገር ይጠጡ፣ ይተኙ፣ ሐሙስ ይመጣሉ። ሦስት ቀን። ሐሙስ። ማንም አይጠይቅም፣ ሐሙስ ደግሞ ሐሙስ ሲደርስ ይታያል፣ አንድ ቃል ብቻ ነው፣ አዎ ማለት ነው፣ አዎ ብሎ መዝጋት። ሚስቱ ከየት በኩል እንደቆመች አያውቅም፣ ትንፋሿ ይሰማዋል፣ ይኼን እንኳ አትነግረውም፣ እሱ ራሱ እንዲለው ትታዋለች።

ጉንፋን አይደለም፣ ይላል። ታዲያ ምንድን ነው ጋሼ። ዓይኔ ነው። በግራ በኩል አይታየኝም።

ስልኩ ውስጥ ከሹሙ ጀርባ የሆነ ሞተር ይነሳል፣ የሆነ ሰው ያፏጫል፣ ወረቀት ይገለበጣል፣ ምን ወረቀቶች፣ የስምሪት ወረቀቶች ናቸው፣ ቀን በቀን፣ ስሙ ያለባቸው።

ከመቼ ጀምሮ? ይላል ሹሙ። ጋሼ አላለውም።

ከትናንት ማለት ይቻላል። ከትናንት ወዲያ። ማን ያውቃል፣ ማንም አያውቅም፣ ከሱ ሌላ ማንም፣ ያን ማክሰኞ ጠዋት መታጠቢያው ጋ ብቻውን ነበር፣ ጭንቅላቱ በመጋዝ የተሰነጠቀ መስሎት ነበር፣ ከንፈሩ በአንድ ወገን ደንዝዞ ውሃው አፉ ውስጥ አልቆም ብሎ በአገጩ ፈሰሰ፣ የጥርስ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ፣ መስተዋቱ ውስጥ ግማሽ ፊት ነው ያየው፣ ዓይኑን አሻሽቶ ሁለት ኪኒን ዋጠ፣ ለሚስቱ አልነገራት፣ ኮቱን ለበሰ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መሪውን ጨበጠ፣ ደህና አደራችሁ አላቸው፣ የመጀመሪያዎቹን ነርሶችና የልብስ ፋብሪካ ሴቶች፣ ደህና አደርክ አሉት፣ በሩን ዘጋ።

ሦስት ወር ሆኖኛል፣ ይላል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሥራ ቀርቼ አላውቅም።